ቲቪ አልበራ ሲል ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት እቤት ምን ምን ታያላችሁ

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው አክስቴ ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ከሰአት ደወለችልኝ፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ሲረጋ ቲቪው እምቢ ብሏታል። እኔ እስክደርስ የጎረቤት ልጅ አሸክማ አንድ ጥገና ቤት ልካው ነበር፣ እዛ ደግሞ ጀርባውን እንኳን ሳይፈቱ «ቦርዱ (ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብለው የቲቪውን ግማሽ ዋጋ ጠየቋት። ይዘነው ተመለስን። ቲቪው ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ያ ወፍራሙ ባለ ሶስት ጥርስ ነው፣ በካቻቢቴ ከፈትኩት፣ ውስጡ ያለችው ትንሿ ፊውዝ ተቃጥላለች። አዲሷ የተገዛችው ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ብር ነው፣ እንደሰካነው ቀይ መብራቱ በራ፣ አክስቴም እልል አለች።

ሁሌ እንደዚ ቀላል ይሆናል እያልኩ አይደለም፣ ቦርድ የምር የሚቃጠልበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን «ቲቪው አይበራም» የሚለው ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያየ ችግር አለ፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ጥገና ቤት ከሄዳችሁ የተባላችሁትን ከመክፈል ውጪ ምርጫ የላችሁም። ግማሽ ሰአት በቂ ነው።

መጀመሪያ ቀይ መብራቷን እዩ

ሁሉም ቲቪ ማለት ይቻላል ከስር ወይ ጥግ ላይ ትንሽ መብራት አለችው (አንዳንዱ ላይ ነጭ ናት፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ በሴቲንግ ጠፍታ ሊሆን ስለሚችል በፊት ትበራ እንደነበር አስታውሱ)። መብራቷ ጭራሽ ከሌለች ወይ ኤሌክትሪክ ቲቪው ጋ እየደረሰ አይደለም ወይ ደግሞ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት የሚገባውን ኤሌክትሪክ ለቲቪው እንዲሆን የሚቀይረው ክፍል) ሞቷል። መብራቷ አለች ግን ሪሞት ስትጫኑ ምንም የለም ካላችሁ ችግሩ ሪሞት፣ በተን፣ የተጨናነቀ ሶፍትዌር ወይ ዋናው ቦርድ ነው። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ወይም ቲቪው ሊነሳ ሞክሮ መልሶ የሚተኛ ከሆነ የሆነ ቦታ ሾርት ወይ የደከመ ነገር አለ፣ ቲቪው ራሱን እየተከላከለ ነው። አራተኛው ድምፅ እያለ ምስል የሌለበት ነው፣ እሱ ቲቪ በርቷል! ብዙ ጊዜ የጠፋው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ብርሃን (ባክላይት) ብቻ ነው።

ቀይ መብራት ጭራሽ ከሌለ

ሶኬቱን አትመኑ። ቲቪው በተሰካበት በዛችው ቀዳዳ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ አይደለም፣ ምክንያቱም ዲቫይደር ላይ ያለችው መብራት በርታ አንዷ ቀዳዳ ብቻ ውስጧ ላልታ ልትሆን ትችላለች። ከዛ ዲቫይደሩንም ስታብላይዘሩንም ዝለሉና ቲቪውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ስታብላይዘርና ቲቪ ጋርድ መብራት ሲመጣ ሆን ብለው ጥቂት ደቂቃ ስለሚያዘገዩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስክትሰሙ መጠበቅ አለባችሁ፣ ድምፁ ካልመጣ የተበላሸው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። በተለይ የበአል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ በጣም ይወርድና ስታብላይዘሩ አላሳልፍም ይላል፣ ማታ ሁሉም ሲያጠፋ ግን ቲቪው ምንም እንዳልሆነ ይበራል።

ገመዱ ከቲቪው የሚነቀል ከሆነ (የስምንት ቁጥር ቅርፅ ያለው ባለ ሁለት ቀዳዳ) ብዙ ጊዜ ከቴፕና ከፕሌይስቴሽን ገመድ ጋር አንድ አይነት ነው፣ ተውሳችሁ ቀይሩና እዩ። የሚሰካው ባለ ሶስት ጥርስ ወፍራም ከሆነ እንደ አክስቴ ነቅላችሁ ክፈቱትና ፊውዟን እዩ፣ ስትቀይሩ ላይዋ ላይ የተፃፈውን አምፔር ያላት ትሁን፣ 3 ወይ 5 የምትለዋን አውጥታችሁ 13 አታስገቡ። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ ከጎኑ ወይ ከስሩ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ህፃን ያለበት ቤት ይሄን ማየት ግዴታ ነው።

ቲቪውን ዘመድ ከአሜሪካ አምጥቶላችሁ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ፅሁፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ችግር የለም፣ 120 ቮልት ብቻ ካለ ግን የኛ 220 ነው፣ ትራንስፎርመር ሳይኖር እንደሰካችሁት ውስጡ ያለውን ፊውዝ ይበላዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ቤት ውስጥ አንዱ አምፖል ደብዝዞ ሌላው ከልክ በላይ የሚያበራ ከሆነ የቲቪ ጉዳይ አይደለም፣ ኒውትራል መስመሩ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ላልቷል ወይ ተቆርጧል ማለት ነው፣ እንደዛ ሲሆን ሶኬት ላይ የሚመጣው ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ፍሪጁንም ቲቪውንም ሁሉንም ንቀሉ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ 905 ደውላችሁ አመልክቱ።

ቀይ መብራት ካለ ግን ካልነሳ

ሪሞቱን በስልክ ካሜራ ፈትኑት። የሰልፊውን ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን አናት ወደሱ አዙራችሁ በተን ተጫኑ፣ በአይን የማይታየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ወይንጠጅ ወይ ነጭ ሆኖ ብልጭ ሲል ታያላችሁ። ካላያችሁ ባትሪ ቀይሩ። ሰልፊውን ያልኩት የአንዳንድ ስልክ የጀርባ ካሜራ ያንን ብርሃን ስለሚከለክል ነው። ሪሞቱ ደህና ከሆነም ካልሆነም ቲቪው ላይ ያለውን በተን በእጃችሁ ፈልጉት፣ ከሎጎው ስር መሀል ላይ ወይ ከኋላ በቀኝ ጥግ በኩል ነው የሚደበቀው።

አሁንም እምቢ ካለ፣ ቲቪው ላይ የተሰካውን ሁሉ አውጡ፣ ፍላሽ፣ የሪሲቨር ኤችዲኤምአይ፣ የዲሽ ገመድ፣ ሁሉንም። ሾርት ያደረገ ፍላሽ ቲቪ አላስነሳ ሲል አይቻለሁ፣ ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ በዲሹ ገመድ አድርጎ በሪሲቨሩ በኩል ይገባል። ከዛ የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ፣ የቲቪውን በተን (የሪሞቱን አይደለም) 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ 10 ደቂቃ ተዉትና ሰክታችሁ ሞክሩ። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል ግን የሚሰራበት ምክንያት አለው፣ መብራት ፈጠን ፈጠን እያለ ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት እቃዎች) የያዙት ትርፍ ቻርጅ ሲያልቅ ነው ከዜሮ የሚነሳው። ስማርት ቲቪ ሎጎው ላይ ቆሞ ቀርቶ ከሆነም መጀመሪያ ይሄንኑ አድርጉ፣ አፕዴት እያደረገ መብራት ሄዶበት ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ እንደገና መጫን ሊኖርበት ይችላል፣ ያ የሰሪ ስራ ነው፣ ቦርድ ይቀየር ማለት ግን አይደለም።

መብራቷ ብልጭ የምትል ከሆነ ቁጠሩ፣ ስንት ጊዜ ብላ ነው የምታርፈው? ሶኒና ሌሎችም ችግሩን የሚናገሩት በዛ ቁጥር ነው። በስልክ ቪዲዮ ቅረፁትና ለሰሪው አሳዩት፣ ብዙ ልፋት ይቀንስለታል።

ድምፅ አለ ምስል የለም

ማታ የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ቲቪውን አብሩና ሜኑ ተጫኑ፣ ከዛ የስልካችሁን ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ ጠጋ አድርጋችሁ ከጎን በኩል ሰያፍ አብሩበት። ትንሽ ታግሳችሁ ቦታ እየቀያየራችሁ እዩ። ፅሁፉ ወይ የሰው ጥላ ድብዝዝ ብሎ ከታያችሁ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ቦርዱም እየሰራ ነው፣ የሄደው ባክላይት ነው። ከስክሪኑ ጀርባ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ኤልኢዲዎች አሉ፣ በመስመር ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ረድፉ በሙሉ ይጠፋል። ይሄን እቤት ለመስራት አትሞክሩ፣ ወደ ኤልኢዲው ለመድረስ የስክሪኑን ስስ መስታወት ማንሳት ያስፈልጋል፣ እሱ ከተሰነጠቀ ቲቪው አለቀለት። ሰሪውን ግን አንድ ፍሬ ኤልኢዲ ብቻ ቀይሮ እንዳይሰጣችሁ ሙሉ ረድፉ ይቀየር በሉት፣ የቀሩት እኩል የደከሙ ስለሆኑ ተከታትለው ነው የሚሄዱት። ቲቪው ሲመለስ የባክላይቱን መጠን ከ100 ወደ 60 ወይ 70 አውርዱት፣ አይናችሁ በሁለት ቀን ይለምደዋል፣ ኤልኢዲው ግን ብዙ ይቆይላችኋል።

ጀርባውን መክፈት

እዚ ጋ የኤሌክትሮኒክስ እጅ የሌለው ሰው ቢያቆም ደስ ይለኛል። ከሶኬት የሚገባው 220 ቮልት ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይቀየራል፣ ትልልቅ ቲቪዎች ላይ ወደ 390 ይደርሳል፣ ትልቁ ካፓሲተር ደግሞ ቲቪው ተነቅሎም ያንን ይዞ ይቆያል። ብትከፍቱ ነቅላችሁ ቢያንስ ሩብ ሰአት ጠብቁ፣ ከዛም 400 ወይ 450 ቮልት የሚል የተፃፈበትን ትልቁን ካፓሲተር በመልቲሜትር ለኩ፣ ወደ ዜሮ ካልወረደ አትንኩ። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ የሚባለውን ብልጭታ ተዉት፣ ቦርዱንም ይገድላል እናንተንም ይጎዳል።

ስክሪኑን ወደታች አድርጋችሁ ከቲቪው የሚሰፋ ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ስክሪኑን ከጀርባ ይወጋዋል።

ከዛ እዩ ብቻ። ካፓሲተሮቹ ትንንሽ ቆርቆሮ ጣሳ ይመስላሉ፣ አናታቸው ላይ የመስቀል ወይ የኬ ፊደል ጭረት አለ። ጤነኛው አናቱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው፣ የሞተው ሆዱ እንደነፋ ድፎ ዳቦ ወደላይ ያብጣል፣ ሲብስም በጭረቱ በኩል ቡናማ ነገር ያንጠባጥባል። ጭረቱ የተሰራው ለዚሁ ነው፣ እንዳይፈነዳ በዛ በኩል እንዲተነፍስ። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ አንድ አይነት፣ ቮልቱ እኩል ወይ የሚበልጥ፣ ሙቀቱም 105 ዲግሪ የሚል ይሁን። ሳያብጥ የሚሞትም አለ፣ ስለዚ ሁሉም ልሙጥ ነው ብላችሁ ደህና ነው እንዳትሉ።

የቦርዱ ፊውዝ ደግሞ መብራት በሚገባበት በኩል ያለችው ናት። መስታወቷ ጥርት ብሎ ክሯ ብቻ ከተበጠሰ ትንሽ ተስፋ አለ። ውስጧ ጠቁሮ ወይ ብር መስሎ ከተቀባ ግን ከኋላዋ ሾርት አለ፣ ብዙ ጊዜ ከአጠገቧ ያለው ሰማያዊ ወይ ቢጫ ሳንቲም የሚመስለው ቫሪስተር ነው፣ መብራት በሀይል ሲመጣ ራሱን ሰውቶ ሌላውን የሚያተርፈው እሱ ነው፣ ወይ ደግሞ ድልድይ ዳዮድ ወይ ሞስፌት የሚባሉት የፓወር ሰፕላዩ እቃዎች ናቸው። ሾርቱ ሳይገኝ ፊውዝ ብቻ መቀየር ፊውዝ መጨረስ ነው። ፊውዟን በሽቦ የሚያስሩ አሉ፣ እባካችሁ ተለመኑኝ ይሄን አታርጉ። ሰሌን የመሰለች አንድ ክር መዳብ ፊውዝ ላይ የተጠመጠመበት ቦርድ በእጄ ይዣለሁ፣ የቦርዱ ጥግ እንደ ከሰል ጠቁሮ የጀርባው ፕላስቲክ ቀልጦ ተጣብቆበት ነበር፣ እዛ ቤት ደግሞ ቲቪው ሳይነቀል ነው የሚያድረው።

ልኬት የሚያውቅ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይለየዋል። ስታንድባይ የሚለው ፒን (ቲቪው ተኝቶም ኤሌክትሪክ የሚኖርበት) ላይ 5 ቮልት (አንዳንዱ 3.3) ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ ነው። እሱ ካለ ሪሞት እየተጫናችሁ ፒኤስ ኦን የሚለውን (ዋናው ቦርድ ፓወር ሰፕላዩን «ተነስ» የሚልበትን ፒን) ለኩ፣ እሱ ወደ 3 ቮልት ተነስቶ 12 ቮልቱ ካልመጣ አሁንም ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ እሱ ራሱ ካልተነሳ ዋናው ቦርድ አላዝዝም እያለ ነው። ርካሾቹ ቲቪዎች ላይ ሁለቱም አንድ ቦርድ ላይ ስለሆኑ እንደ ትልቁ ቲቪ ግማሹን ብቻ መቀየር አይቻልም።

ቦርድ መግዛት ከመጣ

መርካቶ ስትወርዱ የቲቪውን ሞዴል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አንድ ሞዴል ሁለት ሶስት አይነት ስክሪን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥርና ስክሪኑ ጀርባ ያለውን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ስክሪናቸው ከተሰበረ ቲቪዎች የተፈታ ቦርድ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ዩኒቨርሳል (ለብዙ ሞዴል ከተሰራ) ቦርድ ይሻላል፣ የራሱ ነውና። ቲቪውን ራሱን የምትወስዱ ከሆነ መኪና ውስጥ አቁማችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አትጫኑት፣ ጥገና ቤት ስትደርሱም «አይበራም» ብቻ አትበሉ። «ቀይ መብራት አለው፣ ሪሞቱ ይሰራል፣ ነቅለን ሞክረናል፣ በባትሪ ሲታይ ምስል የለም» በሉት፣ የተቀየረውን አሮጌ እቃም መልስልኝ ብላችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።