ገምጋሚው የሚያነባችሁ ማታ ደክሞት ነው

ለሥራ ፈጠራና ለኢኖቬሽን ጥናት ጉባኤ የላክሁት የመጀመሪያ ጽሑፌ ውድቅ ተደርጎ ተመለሰልኝ። ያጠናሁት ስልክ ጠጋኞችን ነበር። 18 ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ከብዙዎቹ ጋር ወንበር ስቤ ግማሽ ቀን ውያለሁ። አዲስ ሞዴል ስልክ ተበላሽቶ ሲመጣባቸው ጥገናውን ከማን ይማራሉ? ጥያቄዬ ይኼ ነበር። መልሱ አስገረመኝ፤ ደንበኛ ከሚሻማቸው፣ አጠገባቸው ከተቀመጠው ጠጋኝ ነው የሚማሩት።

አብስትራክቴ፣ ማለትም የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ፣ ግን የሚጀምረው "ሥራ ፈጠራ ለኢኮኖሚ ዕድገት ከፍተኛ ሚና ይጫወታል" ብሎ ነው። ጠጋኞቹ ብቅ ያሉት አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ግኝቱ ደግሞ ጭራሽ የለም። "ውጤቱ በጉባኤው ይቀርባል" ብዬ አልፌዋለሁ። ገምጋሚው የጻፈልኝ አንድ መስመር ነው፦ "ምን እንዳገኛችሁ አልነገራችሁኝም።"

ዛሬ እኔም እገመግማለሁ። ገምጋሚ የሚከፈለው ሰው አይደለም። ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ አምስት ስድስት ጽሑፍ ከፊቱ ደርድሮ የሚያነብ ሰው ነው። ስትጽፉ እሱን አስቡት።

ስለዚህ ግኝቱን አታቆዩበት። ያንኑ አብስትራክት ኋላ ላይ እንዲህ አስተካከልኩት፦ "ስልክ ጠጋኞች አዲስ ጥገና የሚማሩት በአብዛኛው ከተወዳዳሪዎቻቸው ነው። ይህን ያየነው 18 ጠጋኞችን አነጋግረን፣ ሲሠሩም ተመልክተን ነው።" ከዚያ ለምን እንደሚያካፍሉ፣ ቀጥሎ ይህ እስከ ዛሬ ስለ ውድድር ከሚባለው በምን እንደሚለይ። ብዙ ጉባኤ ለአብስትራክት ከ250 እስከ 500 ቃል ይፈቅዳል። ስለ ሥራ ፈጠራ ጥቅም የሚሰብክ አንቀጽ ካለ ሙሉውን አውጡት። ገምጋሚው ጥቅሙን ያውቀዋል።

ከመላኬ በፊት ደግሞ አብስትራክቱን ለአንዱ ጠጋኝ አነበብኩለት። ስልኩን ከፍቶ እየሠራ ሰማኝና "ተወዳዳሪ አትበለው፤ እኔ ያልቻልኩትን ለእሱ ነው የምልከው" አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ሥራም ይለዋወጣሉ። የጽሑፉ ዋና ነጥብ ከዚህች ንግግር ነው የወጣው። ያጠናችኋቸው ሰዎች ካሉ መጀመሪያ ለእነሱ አንብቡላቸው።

አሁን ጉባኤው "ጽሑፍ ላኩ" ብሎ ወደሚያወጣው ጥሪ። ሁለት ጊዜ አንብቡት። ኢኖቬሽንና ሥራ ፈጠራ አንድ አይደሉም። አሮጌ ድርጅት ውስጥ አዲስ አሠራር ሊወለድ ይችላል፤ አዲስ ድርጅት ከፍቶም ምንም አዲስ ነገር ያላመጣ ሞልቷል። ኢኖቬሽን ማለት ቴክኖሎጂ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢኮኖሚስቱ ጆሴፍ ሹምፒተር ከ100 ዓመት በፊት አምስት ዓይነት ቆጥሯል፦ አዲስ ምርት፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ፣ አዲስ አደረጃጀት። ሥራችሁ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ካወቃችሁ ትራክ፣ ማለትም ጽሑፋችሁ የሚገባበትን የጉባኤውን የርዕስ ዘርፍ፣ መምረጥ አይቸግራችሁም። ትራክ የተሳሳተ ጽሑፍ ርዕሱን የማያውቅ ገምጋሚ እጅ ይገባል።

በዚህ ዘርፍ በጣም የማየው ስህተት ሌላ ነው። ተመራማሪው የተሳካላቸውን ድርጅቶች ብቻ ሰብስቦ "የስኬት ምክንያት አደጋን መድፈር ነው" ይላል። የከሰሩትስ? እነሱም ደፍረው ሊሆን ይችላል። የተዘጉትን ካላያችሁ ድፍረት ያዋጣ አያዋጣ ማወቅ አትችሉም። የተዘጉትን ማግኘት ካቃታችሁ በግልጽ ጻፉት፤ ድምዳሜያችሁንም በዚያው ልክ ቆጥቡት። ዳታ ያጠራችሁ ደግሞ ግሎባል አንትርፕርነርሺፕ ሞኒተርን ተመልከቱ። ከ1999 ጀምሮ በብዙ አገሮች ስለ ሥራ ፈጠራ የሚካሄድ ጥናት ነው። የቆዩ ዳታዎቹ በነጻ ይወርዳሉ።

ስም መደበቅ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጉባኤ ገምጋሚውና ጸሐፊው እንዳይተዋወቁ ይፈልጋል። ስማችሁን ከመጀመሪያው ገጽ ማጥፋት አይበቃም። የፋይሉ ስም፣ ምስጋና የምትሉበት አንቀጽ፣ "ባለፈው ጥናታችን እንዳሳየነው" የሚል ሐረግ ሁሉ ያጋልጣል። ዎርድ ደግሞ የጸሐፊውን ስም ፋይሉ ውስጥ ይይዛል። ፋይል፣ ከዚያ ኢንፎ፣ ከዚያ ቼክ ፎር ኢሹስ፣ ከዚያ ኢንስፔክት ዶክዩመንት ብላችሁ አጽዱት። አንድ ጓደኛዬ ጽሑፉ ሳይነበብ የተመለሰለት በዚህች ምክንያት ነው። የስድስት ወር ሥራ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዴድላይኑ አጠገብ "ኤኦኢ" (AoE) የሚል ካያችሁ በምድር ላይ የትም ቦታ ቀኑ እስኪያልቅ ማለት ነው። ሰዓቱ ከዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ (UTC) በ12 ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጠራል። እሱን ተማምናችሁ ግን አትዘግዩ። ኢዚቼርን የመሰሉ የጽሑፍ ማስገቢያ ሲስተሞች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ እስኪዘጋ ፋይል መቀየር ይቻላል። ሁለት ቀን ቀድማችሁ አስገቡ፣ ከዚያ አስተካክሉ። አንዱን ጽሑፍ ለሁለት ጉባኤ ባንድ ጊዜ አትላኩ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጉባኤውን መርምሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ያለ አንድ አስተያየት "ተቀብለነዋል" ካላችሁ ጠርጥሩ። ኢኖቬሽን፣ የጥርስ ሕክምናና ግብርና ባንድ አዳራሽ የሚል ከሆነም እንደዚያው። ኮሚቴው ውስጥ ስሙ ላለ አንድ ፕሮፌሰር በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጻፉና ጠይቁት። "ስኮፐስ (የምርምር ሕትመቶች መዝገብ) ላይ ይወጣል" የሚሉም ብዙ ናቸው፤ የስኮፐስ የሕትመቶች ዝርዝር በነጻ ስለሚታይ ራሳችሁ ፈልጉት። ተማሪ ከሆናችሁ የክፍያ ቅናሽ ወይም ነጻ ምዝገባ እንዳለ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ከተቀበሏችሁ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በሰንጠረዥ አስቀምጡት። በአንድ በኩል የእነሱ ቃል፣ በሌላው ያደረጋችሁት ለውጥ ከነገጽ ቁጥሩ። ያልተስማማችሁበት ካለ ምክንያታችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በአክብሮት። ሰንጠረዡን አዘጋጆቹ ባይጠይቋችሁም ከመጨረሻው ቅጂ ጋር ላኩላቸው።