የወንጀል ነክ ቃላትን በስፓኒሽ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተገለበጠ ረጅም ዝርዝር ይዞ መነሣት አያዋጣም፤ እኔ ደሴ ተቀምጬ ስድሳ ያህል ቃላት ከሸመደድሁ በኋላ ስልኬ መሰረቁን እንኳ በወጉ መናገር አቅቶኝ ነበር። ለመነሻ ጥቂቶቹ ይበቃሉ፦ ሌባው ላድሮን፣ ምስክሩ ቴስቲጎ፣ ዳኛው ኹዌስ፣ ጠበቃው አቦጋዶ፣ እስር ቤቱ ካርሴል ነው። ወንጀል ለሚለው ጥቅል ቃል ዴሊቶን ይያዙ፤ ክሪሜን በአብዛኛው ለግድያና ለመሰል ከባድ ጥፋት የሚነገር ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ኡርቶንና ሮቦን መለየት ነው። በስፔን የወንጀል ሕግ ኡርቶ ያለ ኃይልና ያለ ማስፈራራት የሌላውን ንብረት መውሰድ ሲሆን፣ ሮቦ ኃይል ወይም ማስፈራራት የታከለበት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በአንቀጽ 670 ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ሮቦን በቀጥታ ውንብድና ብሎ መተርጎም ያምራል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ብዬ ጽፌዋለሁ። ይሁን እንጂ ሮቦ ሰፋ ይላል። በባቲ የሰኞ ገበያ ግርግር ከኪስ የተመዘዘ ስልክ ኡርቶ ሲሆን፣ ሌሊት ቁልፉ ተሰብሮ የተወሰደበት ሱቅ ግን ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ቢያድርም ሮቦ ነው፤ በእኛ ሕግ ውንብድና ለመባል በሰው ላይ የተቃጣ ኃይል ወይም ማስፈራራት ሊኖር ይገባል። በዕለት ንግግር ግን ሮባር የሚለው ግሥ ለሁለቱም ያገለግላል።

ቀጥሎ ግሡን በዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው። በኢንተርኔት ለሚያስተምረኝ መምህር «ሮቤ ሚ ቴሌፎኖ» ብዬ ስነግረው፣ የገዛ ስልክህን ለምን ትሰርቃለህ ብሎ ሳቀብኝ፤ «ስልኬን ሰረቅሁ» ብዬ ኖሯል። ትክክለኛው «ሜ ሮባሮን ኤል ቴሌፎኖ» ነው። ይህን አገላለጽ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛ ያቀልለዋል፦ ሌባውን ሳናውቅ፣ አንድም ይሁን ብዙ፣ «ሰረቁኝ» እንደምንለው ሁሉ እነርሱም ግሡን በብዙ ቁጥር ያደርጉና የእኛን «ኝ» በ«ሜ» ይገልጹታል።

የስልክ መተግበሪያዎች ለክለሳ ይጠቅማሉ፤ እኔ ግን በእጅ የተጻፈ ካርድ እመርጣለሁ። በካርዱ ላይ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ ይጻፉ፤ ኤስፖሳስ ካቴናም ሚስቶችም ማለት ስለሆነ፣ «ፖሊሱ ኤስፖሳስ አወጣ» ተብሎ ካልተጻፈ የትኛው እንደሆነ ካርዱ አይነግርዎትም።