ክሬዲታቸው የተበላሸባቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ካርድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ክሬዲታቸው፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪካቸው፣ የወደቀባቸውን ሰዎች ወረቀት አብሬያቸው ማገላበጥ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ የሚመጡት ካርዱን ከወሰዱ በኋላ ስለሆነ፣ የምንይዘው ሥራ አንድ ሳይሆን ሁለት ይሆናል፤ የድሮውን ብልሽት መጠገንና አዲሱ ካርድ ያመጣውን ጣጣ መፍታት።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ስህተት «ክሬዲትዎ ምንም ይሁን ምን ተቀባይነት አግኝተዋል» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ሲደርስ ሳያነቡ መፈረም ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ይዘውልኝ የመጡትን ደብዳቤ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ፊት ለፊት ስማቸው በትልልቅ ፊደል ታትሟል፤ ከጀርባው ሕጉ የግድ እንዲወጣ የሚያዝዘው የወለድና የክፍያ ሠንጠረዥ አለ። በካርዱ መበደር የሚቻለው እስከ 300 ዶላር ነው። ዓመታዊ ክፍያው 75 ዶላር ሲሆን፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በየወሩ የሚቆረጥ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ይህ 75 ዶላር በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ከቅጣት ውጪ ያሉ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያዎች ከተፈቀደው የብድር ልክ 25 በመቶ እንዳይበልጡ ስለሚያዝዝ፣ የ300 ዶላር 25 በመቶ ተሰልቶ የተቀመጠ ነው። ሕጉ ከዚህ እንዳታልፉ ያለውን ልክ ድርጅቱ የዋጋ ተመን አድርጎታል። ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት የሚጠየቅ የማመልከቻ ማስኬጃ ክፍያ ደግሞ በዚህ 25 በመቶ ውስጥ ስለማይቆጠር፣ አንዳንዶቹ በዚያም በኩል ይወስዳሉ።

እኚህ እናት ካርዱ ደርሷቸው ገና አንድ ዕቃ እንኳ ሳይገዙበት የመጀመሪያው የወር መግለጫ የ75 ዶላር ዕዳ ይዞ መጣ። የክሬዲት መዝገብ የሚይዙት ድርጅቶች ያዩት ከ300 ዶላሩ ሩብ ያህሉን የበሉ ተበዳሪ ነው። «በመያዣ የሚሰጠውን ካርድ ለምን አልወሰዱም?» ስላቸው፣ «የራሴን ገንዘብ አስይዤ የራሴን ገንዘብ ልበደር?» አሉኝ። ይህን መልስ ከስንት ሰው እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም፤ ኩራቱም ይገባኛል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ በ200 ዶላር መያዣ የሚገኝ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ ሂሳቡ በሰላም ሲዘጋ ወይም ወደ መደበኛ ካርድ ሲለወጥ መያዣውን ይመልሳል፤ 75 ዶላሩን ግን የሚመልስ የለም።

መያዣን በተመለከተ ሌላም ስህተት አለ፤ መያዣው ዕዳውን ይከፍልልኛል ብሎ ማሰብ። አንድ ወጣት 500 ዶላር አስይዞ ካርድ አወጣ፣ 120 ዶላር ተጠቀመበት፣ ከዚያም ካስያዝኩት ላይ ይቆርጡታል ብሎ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፍት አስቀመጠ። እኔ ዘንድ ሲደርስ የ60 ቀን መዘግየት ተመዝግቦበት ነበር፤ ይህ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ሰባት ዓመት ይቆያል። መያዣው ሰጪው ድርጅት ተስፋ ሲቆርጥ የሚወስደው ዋስትና ነው፤ የወሩ ክፍያ የሚከፈለው ከኪስ ነው። ልጁን ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ካርዱን ሲሰጡት ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳው ሰው አለመኖሩን ስሰማ ቁጣዬ ወደ ሌላ ዞረ።

ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ፕሪፔይድ ካርድም ሆነ ዴቢት ካርድ ብድር ስላልሆነ ክሬዲት አይገነባም። በመያዣ የሚሰጠውም ቢሆን የክሬዲት መዝገብ ወደሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ ወደ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ መረጃ የማይልክ ከሆነ ከንቱ ድካም ነው፤ ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ደውለው «ለሦስቱም በየወሩ ታሳውቃላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ካርድ ይፈልጉ።

አንዱ ሲከለክል ሌላው ጋ መሮጥ የተለመደ ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አምስት ቦታ ያመለከተ ሰው አይቻለሁ። የመኪና ወይም የቤት ብድር የሚያፈላልግ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ያደረጋቸው ማመልከቻዎች እንደ አንድ ይቆጠሩለታል፤ ለክሬዲት ካርድ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። እያንዳንዱ ማመልከቻ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ አበዳሪዎች የሰውን ክሬዲት በቁጥር የሚለኩበት ፊኮ የተባለው ውጤት ሲሰላ ደግሞ የመጨረሻዎቹ 12 ወራት ማመልከቻዎች ታይተው ሊቀንሱት ይችላሉ። ብዙ ሰጪዎች ውጤቱን የማይነካ ቅድመ ማጣሪያ በድረ ገጻቸው ላይ ስላላቸው መጀመር ያለብን ከዚያ ነው። ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው፤ ያ ደብዳቤ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔው የተመሠረተበትን የክሬዲት ሪፖርት በነጻ መጠየቅ ይቻላል።

ሪፖርትን ሳያዩ ካርድ መምረጥ ለእኔ ስህተት ብሎ መጥራትም የሚከብደኝ ነገር ነው። ከሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ በነጻ ይገኛል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የመጀመሪያውን ካርዴን በያዝኩበት ዓመት አንድ ወዳጄ «ሁሉንም አትክፈል፣ ትንሽ ካላስቀረህ ውጤትህ አያድግም» አለኝና አመንኩት። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ 40 ዶላር ገደማ እያስቀረሁ ወለድ ከፈልኩ። ይህ ምክር ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ ውጤቱ ግን ወለድ መክፈልዎን ጨርሶ አይመለከትም። የሚመለከተው በሰዓቱ መክፈልዎንና የወር መግለጫው ሲዘጋ ከተፈቀደልዎ ብድር ስንት እጁን እንደያዙ ነው። በፊኮ ስሌት የክፍያ ታሪክ 35 በመቶ፣ የዕዳ መጠን 30 በመቶ ክብደት አላቸው። እንግዲህ 200 ዶላር በሚፈቅድ ካርድ 180 ዶላር የገዛ ሰው፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሙሉውን ቢከፍልም እንኳ መግለጫው የተዘጋው በ180 ከሆነ 90 በመቶ የተበደረ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመክፈያ ቀኑን ብቻ ነው፤ መግለጫው የሚዘጋው ግን ከዚያ ቢያንስ 21 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት 165 ዶላር ቢከፍልና 15 ዶላር ብቻ እንዲታይ ቢያደርግ፣ የቀረውንም እስከ መክፈያው ቀን ቢጨርስ፣ አንዲት ሳንቲም ወለድ ሳይከፍል የሚታየው ዕዳ ከ10 በመቶ በታች ይሆንለታል።

ለዚህ ደረጃ የሽልማት ነጥብን መስፈርት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ ስለሚያስቆጥር አያስቡት።

በመጨረሻ፣ ካርዱ ወዴት እንደሚያደርስ አለመጠየቅ። አንዳንድ ሰጪዎች ለተወሰኑ ወራት በሰዓቱ የከፈለን ሰው ሂሳቡን ሳይዘጉ ወደ መደበኛ ካርድ ያሳድጉታል፤ ሌሎች ጋ ግን መያዣን ለማስመለስ ያለው መንገድ ካርዱን መዝጋት ብቻ ነው። እኔ ሳልጠይቅ የወሰድኩት ሁለተኛውን ዓይነት ነበር። የ800 ዶላር ካርድ እንዳገኘሁ የ500 ዶላሩን መያዣዬን ለማስመለስ ስል አሮጌውን ዘጋሁት። በሰላም የተዘጋ ሂሳብ በመዝገቡ ላይ እስከ አሥር ዓመት ስለሚቆይ ታሪኬ አልጠፋም፤ የረሳሁት በአዲሱ ካርድ ላይ የነበረኝን የ390 ዶላር ዕዳ ነው። ሁለቱ ካርዶች አንድ ላይ ከሚፈቅዱት 1,300 ዶላር ላይ 30 በመቶ የነበረው ዕዳ፣ ከ800 ላይ ሲሰላ ወደ 49 በመቶ ዘለለ። ልከራየው የነበረውን አፓርታማ የሚያስተዳድረው ቢሮ ክሬዲቴን ያየውም በዚያው ወር ነበር።