የጊታር ፔዳሎች ድምፅ ሲያሳጡ ብልሽቱን በፍጥነት ለማግኘት

በርካታ ፔዳሎችን (በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ መሣሪያዎችን) አከታትለው የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ድምፁ በድንገት ሲጠፋ ወይም ሲደክም ሁሉንም አንድ በአንድ ከመንቀልዎ በፊት ጊታሩን ደህና መሆኑ በተረጋገጠ ኬብል በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝተው ይሞክሩ። ድምፁ ሙሉ ሆኖ ከተሰማ ችግሩ በፔዳሎቹ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ያንኑ ኬብል መሃል ላይ ባለው ፔዳል መግቢያ ይሰኩት፤ ድምፅ ካለ ከጊታሩ እስከ እሱ ያለውን ግማሽ፣ ከሌለ ደግሞ ከእሱ ጀምሮ እስከ አምፕሊፋየሩ ያለውን እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ይፈትሹ። ሲግናሉ በሁሉም ውስጥ በተራ ስለሚያልፍ አንድ ብልሽት መላውን መስመር ያቋርጣል፤ በዚህ ዘዴ ግን ለ8 ፔዳሎች 3 ሙከራ ይበቃል።

በእኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፔዳሉ ሳይሆን ሁለት ፔዳሎችን የሚያገናኘው አጭር ኬብል ነው፤ ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው ሲያወዛውዙት ድምፁ እየተንኮሻኮሸ ከተቆራረጠ፣ ከውስጥ ብየዳው ሳይለቅ አይቀርም። እንዲሁም ትሩ ባይፓስ (ኢፌክቱ ሲጠፋ ሲግናሉን በቀጥታ የሚያሳልፍ) ያልሆነ ፔዳል ኤሌክትሪክ ካላገኘ፣ ኢፌክቱ ቢጠፋም እንኳ ሲግናሉን በአግባቡ ስለማያሳልፍ የ9 ቮልት ባትሪውን ወይም አዳፕተሩን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ኬብል ከመንቀልዎ በፊት የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይቀንሱ።