ከርቀት ለሚሠራ ቡድን መሪ እንዴት እንምረጥ?

ቢሮ ውስጥ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ዙም ላይ ግን ግማሹ ሰው ካሜራውን አጥፍቶ ምሳውን እየበላ ነው። አንደበተ ርቱዕነት እዚህ ብዙ አይሠራም።

መጀመሪያ የቡድኑን የቴሌግራም ግሩፕ የአንድ ወር መልእክት ወደኋላ አንብቡ። ከስብሰባ በኋላ «የተስማማነው ይህ ነው፣ እስከ ሐሙስ እገሌ ይጨርሰዋል» ብሎ የሚጽፈው ማን ነው? የሌላውን ጥያቄ ሳይጠሩት የሚመልሰውስ? ቮይስ የሚያበዛ ሰው እኔ ዘንድ ነጥብ ይቀነስበታል። በድምፅ የተላለፈን ውሳኔ ከሳምንት በኋላ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ትንሽ ሥራ እንዲያስተባብር ስጡት። ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ቡድኑ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ነው እንበል። «ማክሰኞ 3 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ከጻፈ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ያለው ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ዋሽንግተን ያለው ከሰዓት በኋላ መስሎት ተኝቷል። ጥሩ አስተባባሪ «በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ጠዋት በፈረንጅ 10 ሰዓት» ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ ሰዓቷን ወደኋላ ስትመልስ ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ይሄዳል። ይህን ቀድሞ ካስታወሰማ ግማሹን ፈተና አልፏል።

የቀረው ግማሽ ርክክብ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወጥቶ ሲሄድ፣ ዋሽንግተን ያለው ማንንም ከእንቅልፍ ሳይቀሰቅስ ሥራውን መቀጠል ይችላል? መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋስ ማን እንደሚተካ አስቀድሞ ተነጋግረዋል?

ማን ስንት ሰዓት ኦንላይን እንደቆየ ለሚቆጥር ሶፍትዌር ብር አታውጡ። የኮምፒውተሩን ማውስ እያነቃነቁ መዋል ይቻላል።

ከዚያ አባላቱን ለየብቻ ደውላችሁ አነጋግሩ። «ማን ይምራችሁ?» ካላችሁ በይሉኝታ በዕድሜ ትልቁን ይነግሯችኋል። «ሥራ ሲወሳሰብብህ መጀመሪያ ለማን ትጽፋለህ?» በሉ። አንድ ስም ይደጋገማል።

ያን ሰው ከመሾማችሁ በፊት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ያለ ሹመት ሰውን ሲያግዝ የሚውል ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ሥራ የሚጨርሰው ማታ ነው። ከሥራው የቱ እንደሚቀነስለት በዚያው ንግግር ላይ ቁርጡን ንገሩት።