ብሎኬትና ጣውላ ሰበራ፦ እውነት ነው ወይስ ሸፍጥ? ስንፈርድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ሰው በባዶ እጁ የብሎኬት ክምር ሲሰብር ያየ ተመልካች ወይ አፉን ከፍቶ ያጨበጭባል፣ ወይ “ቀድሞ የተሰነጠቀ ነው” ብሎ ይስቃል። ሁለቱም የሚያዩት እጁን ነው። እኔ ግን ከእጁ በፊት የሚሰበረውን ዕቃ፣ የተደረደረበትን መንገድና የተደገፈበትን ቦታ እንድታዩ እፈልጋለሁ። ችሎታውም ሸፍጡም ያለው እዚያ ነው። (ከታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

1. “ሁሉም ማታለያ ነው” ብሎ መዝጋት

የሰው እጅ ሲሚንቶ መስበር ይችላል። ይህን የሚሉት የካራቴ አስተማሪዎች ብቻ አይደሉም። ማይክል ፌልድ፣ ሮናልድ ማክኔርና ስቴፈን ዊልክ የተባሉ ተመራማሪዎች የካራቴን ምት በፈጣን ፎቶግራፍ ተከታትለው ለክተው፣ ውጤቱን በ1979 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ማክኔር ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የተመረቀ ዶክተር፣ በካራቴም ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው ነበር። በ1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሕይወታቸው ካለፈ ጠፈርተኞች አንዱ እሱ ነው።

በጥናታቸው መሠረት የሠለጠነ ሰው እጅ በሰከንድ ከ10 እስከ 14 ሜትር ይወነጨፋል፤ የሚያሳርፈውም ኃይል ከ3,000 ኒውተን ይበልጣል። ጣውላ ለመስበር በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ይበቃል። ለሲሚንቶ ግን ከ10 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ጣውላ ጀማሪም ይሰብራታል፣ ሲሚንቶው ግን ልምምድ ይጠይቃል።

እጁስ ለምን አይደቅም? አጥንት ከሲሚንቶ እጅግ የበለጠ ጫና ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ 40 እጥፍ ያህል አድርገው አስልተውታል። በዚያ ላይ ቆዳው፣ ጡንቻውና ጅማቱ ጉልበቱን ተቀብለው ወደ አንጓና ክንድ ይበትኑታል። ሲሚንቶ ደግሞ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲለጥጡት ደካማ ነው። ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሃሉ ሲመታ ጎበጥ ይልና የታችኛው ገጹ ይለጠጣል፤ ስንጥቁም ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። ግንበኛ ሶሌታ ሲሞላ ፌሮውን ወደ ታችኛው ገጽ አስጠግቶ የሚያስረው ለዚሁ ነው። ለትርኢት በሚቀርብ ጠፍጣፋ ውስጥ ፌሮ የለም።

2. ክምሩን ቆጥሮ መደነቅ

በጣም የሚያሳስተን ይህ ነው። አሥር ጠፍጣፋ ተደርድሮ ሲሰበር “አሥር እጥፍ ጉልበት” ብለን እናስባለን። በጠፍጣፋዎቹ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ቀጫጭን እንጨት ወይም እርሳስ ተሰክቶ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተት ካለ እጁ በአንድ ቅጽበት የሚታገለው አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ተሰብሮ ሲወርድ ስብርባሪው በራሱ ክብደትና ፍጥነት ሁለተኛውን ይመታል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከባድ ጠፍጣፋ ከሆነማ ከታች ያሉትን የሚጨርሳቸው በአብዛኛው ክብደቱ ነው፤ ትልልቅ የበረዶ ግንብ እየተንኮታኮተ የሚወርደውም በዚሁ መንገድ ነው።

ክፍተቱ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። አራት ጣውላ ተጣብቆ ሲቀመጥ አራቱም በአንድ ጊዜ አብረው ይጎብጣሉ፤ አብረውም ይቋቋማሉ። ለመስበር የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እኔ ክፍተት አልባ አራት ጣውላ ለሰበረ ሰው፣ ክፍተት ያለው አሥር ለሰበረው ከምሰጠው በላይ አድናቆት እሰጣለሁ።

ይህ ማለት ግን በክፍተት መስበር ሸፍጥ ነው ማለት አይደለም። መከፋፈሉ የሚቀንሰው በአንድ ቅጽበት የሚያስፈልገውን ኃይል እንጂ ሥራውን በሙሉ አይደለም። ጠፍጣፋዎቹ ከባድ ካልሆኑ፣ እጁ መሃል መንገድ ላይ ሲቆም ክምሩም መሃል ላይ ይቆማል። ሸፍጥ የሚሆነው አቅራቢው ክፍተቱን ደብቆ ወይም ትርጉሙን ሳይናገር ቁጥሩን ብቻ ሲያስነግር ነው።

3. የዕቃውን ስም ማመን

“ጣውላ ሰበረ” ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። መጥረቢያ ይዞ እንጨት የፈለጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ በቀላሉ ይከፈላል፤ ጭረቱን አቋርጠው ሲመቱት ግን መጥረቢያውን ይመልሳል። የትርኢት ጣውላ ሁልጊዜ በጭረቱ እንዲከፈል ሆኖ ይቆረጣል፤ ይህ በየማሠልጠኛ አዳራሹ የታወቀ ሥርዓት ነው። የተለመደው ጣውላ ለስላሳ እንጨት ነው፤ ውፍረቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አቅጣጫውን ቢያዞሩት ያው ሰው ያንኑ ጣውላ ላይሰብረው ይችላል።

ከዚህ አልፎ እንጨቱን ምድጃ ውስጥ አድርቆ በቀላሉ እንዲሰበር ማድረግ አለ። በመጋዝ በስሱ ቆርጦ በቀለም መሸፈንም አለ። በረዶ ቆርጦ መልሶ ማቀዝቀዝ አለ። ብሎኬት ላይ ደግሞ ብዙ መልፋት እንኳ አያስፈልግም፤ ሲሚንቶ የተሰሰተበት ብሎኬት ከመኪና ሲወርድ ብቻ እንደሚፈረካከስ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ማጣራት ቀላል ነው። ከትርኢቱ በኋላ ስብርባሪውን አንሱና ገጹን እዩ። እውነተኛ ስብራት ሻካራና ወጣ ገባ ነው፤ አንድ ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ ልስላሴ ካለ መጋዝ ነክቶታል። ብሎኬቱን በጣታችሁ ፈግፍጉት፤ እንደ አሸዋ ከረገፈ ሲሚንቶ ተሰስቶበታል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዕቃውን ተመልካች ከክምር መርጦ እንዲያቀብል መጠየቅ ነው። እምቢ የሚል አቅራቢ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

4. ጉልበት የሚታይበትንና ልከኝነት የሚታይበትን መቀላቀል

የደቡብ ኮሪያ የቴኳንዶ ቡድኖች በአየር ላይ ተሽከርክረው በአንድ ዝላይ ብዙ ጣውላ ሲሰብሩ “ጣውላው እኮ ቀጭን ነው” የሚል ተመልካች አይጠፋም። አዎ፣ ቀጭን ነው፤ የሚታየው ግን ጉልበት አይደለም። ዒላማው፣ ሚዛኑና የጊዜ አጠባበቁ ነው። ኩኪዎን የተባለው የቴኳንዶ ማዕከል ከ1992 ጀምሮ በሚያዘጋጀው ሃንማዳንግ ውድድር የጉልበት ሰበራና የቴክኒክ ሰበራ ለየብቻ ይዳኛሉ። አይቲኤፍ በተባለው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ውድድሮችም የጉልበት ፈተናና ልዩ ቴክኒክ የተለያዩ የውድድር ዘርፎች ናቸው።

በተቃራኒው ተመልካች ንቆ የሚያልፈው፣ ባለሙያ ግን የሚያከብረው ሰበራ አለ፤ አንዲት ጣውላ በሁለት ጣት ጫፍ ብቻ ተንጠልጥላ ስትሰበር። ከኋላ የሚደግፋት ነገር ስለሌለ በጉልበት ብትገፋ ትሸሻለች። የምትሰበረው ከመሸሿ በፊት የሚደርስ ፍጥነት ሲኖር ብቻ ነው። ጣውላውን የሚይዘው ሰው ክንዱን ሲያላላም እንዲሁ ነው፤ ጥሩ ያዥ ሥራውን በግማሽ ያቀልላል።

5. ደረት ላይ ያለ ድንጋይ በመዶሻ ሲሰበር ደረቱን ማድነቅ

ድንጋዩ በከበደ ቁጥር ለተኛው ሰው ይሻለዋል። ከባድ ነገር በቶሎ አይንቀሳቀስም፤ የመዶሻው ጉልበትም ድንጋዩን በመስበር ያልቃል፣ ወደ ደረት የሚያልፈው ጥቂት ነው። የምስማር አልጋውም ያው ነው፤ ክብደቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ምስማሮች ላይ ይከፋፈላል። ድፍረት ይጠይቃል፣ አደጋም አለው፤ የማርሻል አርት ችሎታ ግን እዚህ ውስጥ የለም።

6. ሰባሪ ሁሉ ተዋጊ ይመስለናል

ጣውላ ቆሞ ይጠብቃል፣ ርቀቱም አይለወጥም። ሆኖም “ምንም አይጠቅምም” ማለትም ስህተት ነው። ማሱታትሱ ኦያማ የመሠረተው፣ በሙሉ ኃይል የሚመታበት ኪዮኩሺን ካራቴ በውድድሮቹ ሰበራን ይዟል፤ ተጋጣሚዎች እኩል ሆነው በክብደትም ካልተለያዩ፣ ብዙ ጣውላ የሰበረው ያልፋል። ለከረረ ግጥሚያ የታሰበ ስልት እንኳ ለሰበራ የሰጠው ቦታ ይህን ያህል ነው።

7. ተማሪው የሚሳሳተው

የሚፈራ ሰው ጣውላው ጋ ሲደርስ እጁን ያዘገያል። የእጅ ፍጥነት ከፍተኛ የሚሆነው ክንድ ከሙሉ ርዝመቱ 80 በመቶ ገደማ ሲዘረጋ ነው፤ ስለዚህ ዒላማው ከጣውላው ኋላ መሆን አለበት። ጣውላው ከተሰበረ ጉልበቱ አብሮት ይሄዳል፤ ካልተሰበረ ግን ወደ እጅ ይመለሳል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ባልተሰበረ ጣውላ ነው።

ጀማሪ በጡጫ ከሚጀምር በመዳፉ ሥር (አንጓው አጠገብ ባለው ወፍራም ክፍል) ቢጀምር ይሻለዋል፤ አንዲት ጣውላ፣ በጭረቷ፣ በጽኑ ድጋፍ ላይ። ልጆችን በብሎኬት ማስመታት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የአጥንታቸው ማደጊያ ክፍል እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ድረስ ላይደነድን ይችላል፣ ያ ክፍል ከተጎዳ አጥንቱ ተንጋዶ ሊያድግ ይችላል። ለሕፃናት ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ተሰብሮ መልሶ የሚገጣጠም ሰሌዳ አለ፤ ቀለሙ ለመስበር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል።

ሁለት ጊዜ ተመትቶ እምቢ ያለ ጣውላ ሦስተኛ አይመታም። እጅ ካበጠና ጡጫ ሲጨበጥ የትንሿ ጣት ጉብታ ሰርጎ ከታየ፣ ለጡጫ መቺዎች የተለመደው የመዳፍ አጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል አሽቶ ማሰር አይበቃም፤ በዚያው ቀን ራጅ መነሳት ያስፈልጋል።