የመረብ እርሳስ ሲቀለጥ የሚሠሩ ስህተቶች

በወሎዎቹ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች መረብ የሚጥል ሰው የታችኛውን ገመድ የሚያሰምጥለት ክብደት ይፈልጋል። ድንጋይ ወይም የተተኮሰ ሸክላ ከበቃው እርሳስ ባይነካ እመርጣለሁ። ካልሆነ ግን ይጠንቀቅ፦ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

የስህተቶች ሁሉ አውራ እርጥበት ነው። ደጅ ያደረ ቁራጭ፣ በደንብ ያልደረቀ ፎርማ (የቀለጠው የሚፈስበት ቅርጽ)፣ ታጥቦ ወዲያው የተነከረ ጭልፋ፣ ሁሉም ያው ናቸው። አንዲት ጠብታ ከቀለጠው እርሳስ ሥር ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ሆና ከሺህ እጥፍ በላይ ትሰፋለች፤ እርሳሱንም ፊት ላይ ትረጨዋለች። ስለዚህ ቁራጩ ሁሉ እሳቱ ሳይነድ ድስቱ ውስጥ ይግባና አብሮ ይሙቅ። መሀል ላይ የሚጨመር ካለ መጀመሪያ ምድጃው ዳር ይድረቅ። ሐምሌ ላይማ ደጅ አይጀመርም፤ የወሎ ክረምት ቀጠሮ አያከብርም። መነጽርና ረጅም እጅጌ ይደረግ፤ ነጠላ ጫማ ይቅር።

የመኪና ባትሪ ፈልጦ እርሳስ ማውጣት ሌላው ነው። እዚህ ላይ ወለም ዘለም የለም። ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ሳህኖቹ ላይ የተለጠፈውም አብዛኛው ኦክሳይድና ሰልፌት እንጂ ንጹሕ እርሳስ አይደለም። ትርፉ ዝቃጭና መርዛም ብናኝ ነው።

ድስቱ የብረት ይሁን። ስስ አሉሚኒየም ሲግል ይለሰልሳል፣ እርሳስ ደግሞ ከባድ ነው። እርሳስ የቀለጠበት ዕቃ ወደ ጓዳ አይመለስም፤ «ታጥቧል» ማለት አይሠራም።

ሕፃን ልጅ ከሰል እንዲያራግብ መጥራት፣ እርሳስ በነካ እጅ ጫት መቀንጠስ ወይም የቡና ቁርስ ማንሳት ቀላል ይመስላል። ብናኙ እጅና ልብስ ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱም ለብቻው።

የወጣው ቁራጭ ከተሸበሸበ ፎርማው አልሞቀም ማለት ነው፤ ወደ ድስቱ ይመለስ። ውርጭ የመታው ከመሰለ ሙቀቱ በዝቷል፤ ለመረብ ግን ችግር የለውም። በጥፍር ሲጭሩት ምልክት ከያዘ ለስላሳ ስለሆነ ገመዱ ላይ በመዶሻ ይጠፈጠፋል። ሹል ጠርዝ መረብ ስለሚበጥስ በቢላ ይከርከም፤ በሞረድ ከሆነ ብናኙ እንደገና ይነሳል።